አረንጓዴውን ተከትለው ሱቃቸውን ስላስረከቡት ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የገበያ ሱቆች ኪራይ አስተዳደር ኃላፊ፣

ጌታዬ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ኮምፒውተርዎ ሁሉም በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የታችኛው መደዳ ነጋዴዎች ደህና ነን፤ አንድ ሱቅ ብቻ ጎድሎብናል።

የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። የዕለት ውሎዬን በደብተር ስለምይዝ ቀን አልስትም። ወረፋ አስቀርታችሁ የኪራይ ውል እድሳቱን በስልክ ያደረጋችሁልን ጊዜ፣ ማንበብ የማይችሉትን ልብስ ሰፊ ጎረቤቴን፣ መደዳው ሁሉ «እናታችን» የሚላቸውን፣ ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ። ትምህርቱ አጭር ነበር፤ ከታች በስተቀኝ ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ ይንኩ፣ ቀዩን አይንኩ። ሁለት ዓመት በዚህ አሳደሱ። ዘንድሮም እስከ ስድስተኛው ገጽ በዚሁ ሄዱ። በሰባተኛው ገጽ ላይ አረንጓዴው «ሱቁን አስረክባለሁ»፣ ቀዩ «ውሉን አድሳለሁ» የሚል ነበር። አረንጓዴውን ነኩት። ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

፩. ሰባተኛውን ገጽ የውል ክፍል፣ ስድስቱን ደግሞ ሌላ ክፍል እንደሠራው በቢሮዎ የአገልግሎት መስኮት ያገኘኋቸው ሠራተኛ በትዕግሥት አስረድተውኛል። እያንዳንዱ ክፍል ቀለሙን በነጻነት እንዲመርጥ መፍቀድዎ የሚደነቅ ነው። በእኔ ሱቅ ግን የግማሽ ኢንች ቧንቧ ከየትኛውም ፋብሪካ ቢመጣ በግማሽ ኢንች መጋጠሚያ ይገባል፤ ፋብሪካዎቹ ባይተዋወቁም ልኩ አንድ ቦታ ተጽፏል፣ ሁሉም ይከተለዋል። ደንበኛዬ እጁን በታጠበ ቁጥር ቧንቧው ወደየት እንደሚዞር እንደ አዲስ አያጠናም። እናንተም ዘንድ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ማጽደቂያው ይህን መስሎ እዚህ ይቀመጣል፣ የማይመለሰው ነገር ያንን መስሎ ሁለቴ ይጠይቃል ብሎ ጽፎ ለክፍሎቹ ቢያድል፣ ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር።

፪. «ጽሑፉን ማንበብ ነበረባቸው» ተብሏል። እውነት ነው። እኔ ማንበብ እችላለሁ። ረቡዕ የራሴን ውል ላድስ ገብቼ፣ ነገሩን እያወቅሁ እንኳ አውራ ጣቴን አረንጓዴው ላይ አገኘሁት።

፫. የሠላሳ ዓመት ሱቅ በአራት ሰከንድ ተረክባችኋል። ለቅልጥፍናችሁ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እናታችን አልወቀሱኝም። ከሚሰፉት ጨርቅ ቀና ሳይሉ «እንዳልከኝ እኮ ነው የነካሁት፣ ልጄ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ማታ ደብተሬ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፌ ዘጋሁት።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የቢሮዎ በር ሁልጊዜ በለመዱት አቅጣጫ እንዲከፈትልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከማይለዋወጥ አክብሮት ጋር፣

የቧንቧ ዕቃ ነጋዴው፣ ከታችኛው መደዳ

ከፊርማዬ በኋላ፦ የይግባኝ ማቅረቢያው አርብ ይዘጋል። እናታችን ገጹን ከፍቼ እንዳሳያቸው ዛሬ ጠዋት ስልካቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ጣታቸውን ዘርግተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። የትኛውን ይንኩ ልበላቸው?