በፈረሱ ሆድ ላይ ያለው አውራ ጣት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ዋጋዱጉ፤

ሎሜ ከገባሁ ይህ ሁለተኛው የዝናም ወቅት ነው። አራት ዓመት ብቻ የተማረ እጅ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀድዶታልና፣ ፊደሌ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ። የምጽፍልዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።

የምሠራላቸው ፓፓ ፎሊ የቆዩ የነሐስ ምስሎችን የሚሰበስቡ ሽማግሌ እንደሆኑ ነግሬዎታለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ነጋዴው አልሀጂ ሳኑሲ በጨርቅ የተጠቀለለ የነሐስ ፈረሰኛ ይዞ መጣ።

«ፓፓ፣ ሁለት መቶ ዓመቱ ነው። ወላሂ፣ የአያቴ አያት ሳይወለድ የተሠራ!»

ፓፓ ፎሊ ወደ እኔ ዞሩ። «ያምባ፣ አንተ የነሐስ አቅላጭ ልጅ ነህ። እስቲ እየው።»

«ይሄ ምን ያውቃል? ትናንት ጡት የጣለ!» አለ አልሀጂ።

ፈረሱን ገለበጥኩት። በሆዱ ላይ የሕፃን አውራ ጣት አሻራ አለ፤ መካከሉን ጠባሳ ያቋርጠዋል። በሰባት ዓመቴ በእርስዎ ቢላ የቆረጥኩት ጣት! ፈረሱ ገና ሰም ሳለ ተጭኜ በማበላሸቴ ጆሮዬን እንደ ቆነጠጡኝ ትዝ አለኝ። በቀለጠው ሰም ፈንታ ነሐሱ ፈስሶ፣ የጭቃው ቅርፊት ተሰብሮ ከወጣ በኋላም ከምስጥ ኩይሳው አጠገብ ሲቀብሩት፣ «ይተኛ፤ አርጅቶ ይነሣል» ብለውኝ ነበር።

ብናገር የእርስዎን ገመና መግለጥ ነው፤ ዝም ብል ያስጠጉኝን ሰው ማታለል።

«አሥራ አራት ዓመቱ ነው» አልኩ። «አሻራው የእኔ ነው። የሠራው አባቴ ነው።»

«ኧረ ጉድ! ነገ ደግሞ ፈረሱን እኔ ወለድኩት ይልዎታል!» አልሀጂ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ፓፓ ፎሊ ጣቴን ከአሻራው ጎን አድርገው በማጉያ መነጽር ሲያስተያዩ ቆዩ። ሁለቱ ጠባሳዎች አንድ ነበሩ።

«በዚህ ቤት ስልሳ ምስል አለ፤ የአንዱንም ሠሪ ስም አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ይህን እወስደዋለሁ። በአዲስ ዕቃ ዋጋ።»

«በአዲስ? ፓፓ፣ ቀበሩኝ እኮ!»

«አይዞህ፣ ተቀብሮ የሚወደድ ነሐስ ብቻ ነው።»

ከዚያም ስምዎን ሊጽፉ ብዕርና ቁራጭ ወረቀት አነሡ። እኔ ግን ሳላስፈቅድዎ ስሙን መናገር አልደፈርኩም። ባዶው ወረቀት ከፈረሱ እግር ሥር እንደ ተቀመጠ ነው።

አባቴ፣ ያን አሻራ ገና ሰሙ ላይ ሳለ የጋለ ቢላ አንዴ ቢያስነኩት ይጠፋ ነበር። የልጓሙን ጠርዝ ሳያስተካክሉ እንቅልፍ የማይወስድዎ ሰው፣ እሱን ለምን ተዉት? ረስተውት ነውን? ወይስ ፈረሱ አንድ ቀን እውነቱን እንዲናገር ፈልገው?

ስምዎ ይጻፍ እንደሆነ ቁርጡን ይላኩልኝ። ለማሽላው አጨዳ እመጣለሁ። ጥቂት ሰም ያቆዩልኝ፤ አውራ ጣቴ አድጓል።

ልጅዎ ያምባ