በአባትሽ እግር ላይ የነበረው ጥቁር ነጥብ

ካንሰር አይደለም፣ ኦናሌና! የአባትሽ እግር አይቆረጥም! ደስታው ሰላምታዬን አስረሳኝ እኮ። እንደምን አለሽልኝ ልጄ? እግዚአብሔር በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ።

እዚህ መንደራችን ካንዬ ዝናብ ጠብ አላለም፤ ፍየሏ ግን መንታ ወልዳለች። በአባትሽ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ስትሰፋ ነዝንዤ ነዝንዤ ጋቦሮኔ ሆስፒታል ወሰድኩት። ምላጭ አይነካኝም እንዳለ ነው የሄደው። ዶክተር ሞሌፌ የምትባል፣ ያንቺ እኩያ የምትሆን ልጅ ቅባት ቢጤ ቀባችውና የአንድ መሣሪያ አፍ ቆዳው ላይ ለጠፈችበት። ሳይቆረጥ ሳይደማ የቆዳው ውስጥ በቴሌቪዥን ታየ! ብርሃን ነው አለችኝ። ብርሃን እንዴት ብሎ ቆዳ ውስጥ ይገባል? ሦስቴ አስረዳችኝ፤ ሦስቴም አልገባኝም።

"ካንሰር የለም። ጥቁሩ አመድ ይመስላል። አባባ፣ እዚህ ጋ ተበጥተው አመድ ተቀብተው ያውቃሉ?" አለችው።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አባትሽ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"ራ ኦናሌና፣ የልጄ አባት! አንተ የባህል መድኃኒተኛ ቤት ምን ልትሠራ ሄድክ?" አልኩት።

"ልጃችን አውሮፕላን ስትሳፈር መንገዷ እንዲቀናላት ነው። ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለኝ።

ልቆጣ ወይስ ልሳቅ? ግራ ገብቶኝ እዚያው አለቀስኩ።

ደውይለት፤ ግን እንዳትስቂበት። አንቺም ሰውነትሽ ላይ የማታውቂው ነገር ካየሽ እንደሱ አትደብቂ። የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፣ የፈራሽው ይራቅሽ። ለአባትሽ ጤና የምስጋና ድግስ ደግሻለሁ፤ በሬ ይታረዳል፣ ወንዶቹ እንደ ወጋችን ሥጋውን ቀቅለው ይወቅጡታል። ፈቃድ ጠይቀሽ ነይልኝ፤ ማንም እንዳይቀር ብያለሁ፤ ቀኑ የዚህ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ነው።