ሳታነቢ የፈረምሽው ውል

ለልጄ፣ ለዶክተሯ፦

እንዴት ከረምሽ? ዓይንሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ባልሽስ? መንታዎቹስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ። ሁለት የጎድን አጥንቴ ተሰብሮ፣ ግራ ዓይኔ አብጦ ፖሊስ ጣቢያ ነኝ። ስልኬን ይዘውብኛል። ይህን የሚጽፍልኝ ከጣቢያው በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነው፤ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ከሰው ከምትሰሚ ከእኔ ስሚው። የሥራ አለቃችንን፣ ካቦውን መታሁት። የድንጋይ መፍጫው አቧራ ሳንባችንን እንደጨረሰው አጥንተሽ የጻፍሽውን፣ በመፍጫው ባለቤት ላይ ያቀረብነውን ክስ የያዘችው ዳኛ የታተመውን አምጡ አለችን። ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩ ላይ ይኸው የልጅዎ ስም ብላ በጣቷ አሳየችኝ፤ ከስምሽ በታች ያለውን ግን ያተመው መጽሔት ቆልፎታል። የጻፈችው እኮ ልጄ ናት ብላት፣ አባባ፣ እሷም ራሷ ብትመጣ አይከፈትላትም አለችኝ።

በነጋታው ካቦው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሽማግሌው፣ ዶክተርህ አክታችሁን በጠርሙስ ለቅማ ሄዳ ስሟን አሳተመችበት፣ ለእናንተስ ምን ደረሳችሁ አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው አጎትሽ ሊመልስለት ሲል ሳሉ ቀደመው፤ ደም ተፋ። ካቦው ሳቀ። የመዶሻዬን እጀታ መንጋጋው ላይ አሳረፍኩበት። ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁት። ሦስት ጥርስ ተፋ። ከወደቀም በኋላ አልተውኩትም፤ ዘበኞቹ በቆመጥ እየቀጠቀጡ ከላዩ እስኪያነሱኝ ድረስ ጉሮሮውን ይዤ ነበር። ጸጸት ከፈለግሽ ሌላ አባት ፈልጊ።

አንጀቴን የቆረጠው ግን ቆመጡ አይደለም። ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቼ ስደውልልሽ፣ አባዬ፣ ሲያትሙልኝ መብቱን ለእነሱ የሚያስተላልፍ ውል ሳላነብ ፈርሜያለሁ አልሽኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት፣ ሦስት ሰው ለየብቻው ሳያነብልኝ አውራ ጣቴን ወረቀት ላይ አሳርፌ አላውቅም። የአንዱ ንባብ ከሌላው ከተለየ ጥዬ እሄዳለሁ። አንቺን ያስተማርኩሽ እንድታነቢ ነበር።

አሁን ውሉን አውጪና አንብቢው። ጠበቃችን እንዳለው፣ እንዲህ ያለ ውል አንዳንዴ ከመታተሙ በፊት የጻፍሽውን ረቂቅ ለአንቺ ይተወዋል። ዳኛዋ ፊርማሽ ያለበት ረቂቅ ከደረሰኝ አያለሁ ብላለች። ቀጠሮው ሰኔ አሥራ ሁለት ነው። ካልደረሰ መዝገቡ ይዘጋል፤ አጎትሽና አብረውን የከሰሱት ሠላሳ ሰዎች ያንኑ አቧራ እየዋጡ ያልቃሉ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ዝምታው ይናፍቀኛል። መንታዎቹን ሳሚልኝ፤ አያታችሁ ወደቀ እንዳትያቸው፣ ተደባደበ በያቸው። እናትሽ ስንቅ ይዛልኝ ስትመጣ ትሰድበኛለች፤ ደህና ናት። አጎትሽ እጅ ነስቶሻል።

ይህንንም ደብዳቤ ጸሐፊው፣ አብሮኝ የታሰረ ሹፌርና ተረኛው ፖሊስ ለየብቻ አንብበውልኛል፤ አልተለያዩም። ፖሊሱ ካቦው ጋ ሲደርስ፣ አባት፣ ይሄ በራስህ ላይ ማስረጃ ነው፣ ይውጣ አለኝ። ይቆይ፣ የኔ ቃል ነው አልኩትና ጣቴን አሳረፍኩበት።

አባትሽ
ከፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኔ 3 ቀን