ሲሚንቶ ያልነካው ወለል

ውድ ታደሰ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሰበታ ዘንድሮም ዝናቡ ሳይሰለቸው ከረመ። ጤናህን አልጠይቅህም፤ አንተ ባለህበት ሕመም የለም ይላሉ። እኔ አለሁ። ያለሁትም ትተኸኝ በሄድክበት በዚያው ቤት ነው። ሊያስወጡኝ ሞክረው ነበር፤ አልወጣሁም። ከወሬው ሁሉ ትልቁ እሱ ስለሆነ አስቀድሜ ነገርኩህ።

የቀብርህ ዕለት አገር ምድሩ ከነጭቃው ገብቶ ወለሉን ረገጠው። ሰዉን አላማሁም፤ ላንተ ብሎ ነው የመጣው። ግን የሸክላው ወለል ገና ዘይት አልቀመሰም ነበር። አንጥፈህ እንደጨረስክ፣ “በደንብ ይድረቅና እንቀባዋለን” እንዳልክ ነው ደረትህን ይዞህ የተኛኸው። “ሸክላ ጠጪ ነው፤ ዘይት ካላጠጡት ውሃ ይጠጣል” ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው። ጭቃውን ጠጣ፣ የጧፉን ጠብታ ጠጣ፣ የለቀስተኛውን ወጥ ጠጣ። ኋላ ደግሞ እርጥበቱ ከሥር ወጣበትና ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ፊቱን አለበሰው። ያ እንደ በርበሬ የቀላ ወለል የታመመ ሰው ፊት መሰለ።

ተዝካርህ እንደወጣ ታናሽ ወንድምህ ኃይሉ መጣ። ቆሞ ወለሉን በጫማው ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ “እትዬ ዘነበች፣ ልጅ የለሽ፣ ብቻሽን እዚህ ጭቃ ላይ ምን ታደርጊያለሽ? ወደ ዘመዶችሽ ወደ ሰላሌ ብትሄጂ ይሻልሻል። እኔ ሲሚንቶ አልብሼው ጠጅ ቤት አደርገዋለሁ” አለኝ።

ልጅ የለሽ! አንተ አብረን በኖርንበት ዘመን አንድም ቀን ያን ቃል ከአፍህ አውጥተህ አታውቅም። እሱ እንደ ሰላምታ ወረወረው። እንዲወጣ በሩን ከፈትኩለት።

እሱ ከሄደ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እያንዳንዱን ሸክላ አውቀዋለሁና። አፈሩን ከወንዙ ዳር አብረን ነው ያመጣነው። አንተ ስትረግጠው እኔ ጠጠሩን እለቅም ነበር። ጓሮ ለፀሐይ ባሰጣነው ጊዜ ዶሮዋ ገብታ የተራመደችበት አንዱ፣ ዱካዋን እንደያዘ ተተኮሰ። እኔ ልጥለው ስል አንተ ነጥቀኸኝ፣ “ይሄማ ማኅተማችን ነው” ብለህ በሩ አጠገብ አነጠፍከው። እንዲህ ያለውን ነው ሲሚንቶ ላልብሰው የሚለኝ። እንባዬን ጠረግሁና ተነሳሁ።

ነጩን ነገር መጀመሪያ በውሃ ላጥበው ብዬ ነበር፤ ሲደርቅ ተመልሶ ወጣ። ኋላ በደረቅ ብሩሽ እየፈገፈግሁ አነሳሁት፤ የቀረውን ኮምጣጤ በብዙ ውሃ በጥብጬ አበስኩት። ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ ወለሉ ድርቅ እስኪል ጠበቅሁ። ዘይቱ ላይ ግን ቸኮልኩ። የተልባውን ዘይት እንዳለ አፈሰስኩበት፣ ሳልወለውልም ተውኩት። ምን ሆነ መሰለህ? እንደ ማር ተጣበቀ! አቧራው ለጠፈበት፣ ዝንቡ ሰፈረበት። ኃይሉ ወሬው ደርሶት፣ “ወለሏን ቁሌት አስመሰለችው” እያለ በየጠላ ቤቱ ሳቀብኝ አሉ።

ይሳቅ። አዲስ አበባ ወርጄ ከቀለም ሻጮቹ አኳራጅ ገዛሁ፤ ያ አንተ ቀለም የምታቀጥንበትን። በሱ ያን ሁሉ ጥፍጥፍ ጠርጌ አወጣሁት። ጉልበቴ ቆሰለ። እንደገና ጀመርኩ፤ ዘይቱን በአኳራጁ አቅጥኜ፣ በጨርቅ ስስ አድርጌ እየቀባሁ፣ የጠጣውን ጠጥቶ የተረፈውን እየወለወልኩ። ደርቆ ካደረ በኋላ ደግሜ፣ ኋላም ሠልሼ ቀባሁት። ዘይት የነካውን ጨርቅ አጣጥፌ አላስቀመጥኩም፤ በራሱ እሳት እንደሚያነሳ ነግረኸኝ ነበር፤ አጥር ላይ ዘርግቼ አደረቅሁት።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ደጅ ቆመው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ “አካም ቡልቴ፣ ልጄ” ብለው እንዴት እንዳደርኩ እየጠየቁ ገቡና በቅጠል የተጠቀለለ ሰም አስቀመጡልኝ። ከቀፏቸው ነው። “ታደሰ ሲጨርስ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ጨርሺው” አሉኝ። ሰሙን አቅልጬ፣ ከእሳት አውርጄ አርቄ ከወሰድኩት በኋላ ከአኳራጅ ጋር ለወስኩት፤ በአሮጌው በርኖስህ ቁራጭም ወለሉን አሸሁበት። ቅላቱ ተመለሰ፣ ታደሰ! አንተ ያላየኸው መልኩ ወጣ። ስቄ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩብህ። ምን ነበር ይህን አይተህ ብትሄድ?

ከገበያ ስመለስ በራችን ላይ አሸዋ ተከምሮ ያገኘሁት ገና ሰሙን አሽቼ ሳልጠግበው ነው። ኃይሉ ግንበኞች ይዞ መጥቷል፤ ቤቱን ከፍተው ሲሚንቶውን ሊያቦኩ ነው። ዘንቢሌን አስቀምጬ ገባሁና ወለሉ መካከል ተቀመጥኩ።

“አፍስሱት” አልኳቸው። “እኔ ግን አልነሳም። እኔ ላይ አፍስሱት።”

ኃይሉ፣ “አንሷትና ሥሩ!” አላቸው። ግንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ “እኛ ወለል ልንሠራ ነው የመጣነው እንጂ ሰው ልንቀብር አይደለም” ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እዚሁ ቤታችን ውስጥ ነው። ከላይ ግራዝማች በቀለ፣ ከጎናቸው ኦቦ ገመቹ። ኃይሉ ቆሞ፣ “ቤት ወንድ ይፈልጋል። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ይህ ቤት እየበሰበሰ ነው። ለሷም ለቤቱም አስቤ ነው” አለ። አነጋገሩ ያምር ነበር፤ ራሳቸውን የነቀነቁም ነበሩ። ተራው የኔ ሲሆን ተነሳሁ። በጣሳ ውሃ ቀዳሁና ከግራዝማች እግር ሥር ደፋሁት።

“ምን አደረግሽ አንቺ ሴት!” ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ።

“ይዩት፣ ግራዝማች።”

ውሃው አልገባም። ጎመን ቅጠል ላይ እንዳደረ ጤዛ እየተንከባለለ ቆመ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውንም አዩ። ከዚያ በኩታዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ የነበረበትም አልታወቀ።

“የበሰበሰው የቱ ጋ ነው?” አልኩ። “ባሌ አነጠፈው፣ እኔ ጨረስኩት። እዚህ ቤት ውስጥ ሲሚንቶ የሚገባው እኔ ስወጣ ነው፤ እኔ ደግሞ የምወጣው በቃሬዛ ነው።”

ግራዝማች ወለሉን እንደገና በጣታቸው ዳሰሱት። ኋላ ወደ ኃይሉ ዞረው፣ “ስማ፤ በሰማንያ የገባች ሚስት ናት። ወንድምህ ሲሞት እሷ አብራ አልሞተችም። እጅህን ሰብስብ” አሉት።

ኃይሉ እስከዛሬ ሰላም አይለኝም። አሸዋውን እንኳ ሳያነሳ ነው የሄደው። እኔም ከበሩ እስከ ጓሮ በተንኩትና ዘንድሮ እግሬ ጭቃ ሳይነካው ከረመ። እግዜር ይስጠው።

ወሬው ከሰበታ ወጣ። አሁን ሸክላ ያነጠፉ ሰዎች ይጠሩኛል። ቡራዩ አንድ ነጋዴ ቤት ሠራሁ፤ ሱሉልታም ሄጃለሁ፤ ብርዱ አይጣል ነው፣ ዘይቱ ለመድረቅ እምቢ አለኝ፤ ቆሜ ጠበቅሁት። “ሴት ወለል ትሠራለች እንዴ?” የሚለኝ አይጠፋም። አጎንብሼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። የቤታችንንም አልዘነጋሁ፤ በየቀኑ እጠርገዋለሁ፣ በረጠበ ጨርቅ አብሰዋለሁ፣ ክረምት ሲወጣ ሰሙን አድሰዋለሁ።

ጥቁሬን አውልቂ ይሉኛል፤ አውልቄያለሁ። አግቢ ይሉኛል፤ እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። እርሺው ሲሉኝ ግን ዝም አልልም። የምትረሳ ሰው አይደለህማ! በየደረስኩበት ቤት ሥራዬን ጨርሼ ስነሳ፣ “የማን ነሽ አንቺ?” ብለው ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ታሪኬን ያውቃልና “የታደሰ ሚስት ነበረች” ብሎ ይመልስልኛል። እኔም እጄን እየጠረግሁ አርመዋለሁ።

“ነኝ” እላለሁ። እድሜ ልኬን እንዲሁ እላለሁ።

ሚስትህ ዘነበች