ወዴት ልላክሽ?

ጥቅምት 5

እንደ ልማዴ ገና ሳይነጋጋ ነቃሁ። ለምን? ማንም አይጠብቀኝም። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሰውነቴ ግን ወሬውን ገና አልሰማም።

አንሶላ አጠብኩ። አንዲት አንሶላ። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ በጋሪ የሚገፋ አንሶላ ሳጥብ፣ ስተኩስ፣ ሳጥፍ ኖሬ... ዛሬ በአንዲቷ ስታገል ዋልኩ። እዚያ ለሁለት ነበር የምናጥፈው። ረጅሟ የምንላት የሥራ ጓደኛዬ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን። እንቀራረባለን፣ እንራራቃለን፣ እንደገና እንቀራረባለን። ብቻ ሲሆኑ ግን አንዱ ጫፍ በአገጭ ነው የሚያዘው። አመለጠኝ፤ መሬት ነካ። እንደገና አጠብኳት።

ከሰዓት ወንድሜ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው በጥድፊያ።

"ጤና ነሽ እታለም?" ደህና ነኝ። "ምን ጎደለሽ?" ምንም። "ሚስቴም ሰላም ትልሻለች።" ሰላም በልልኝ።

ስልኩ እጄ ላይ ሳይሞቅ ተዘጋ።

ጥቅምት 8

ወንድሜ ዛሬ አበደ መሰለኝ።

"እታለም፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አለኝ። ክው አልኩ። ማን ሞተ? ... "ኧረ ማንም አልሞተም! የጡረታ ስጦታ ልሰጥሽ ነው። ዓለም ላይ ካለ ቦታ ሁሉ የምትፈልጊውን ምረጪ። ገንዘብ አታስቢ። ጊዜም አታስቢ፣ እሱማ አሁን ሞልቶሻል። ወዴት ልላክሽ?"

"እኔን? የት?"

"የትም! ባሕር በይኝ፣ በረዶ በይኝ፣ የዓለም ጫፍ በይኝ..."

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም... ደክሞት ይሆን?

እናታችን ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሆነ፤ ትልቁ ከተማ ሄደ፣ አገባ፣ እዚያው ቀረ። ክፉ አይደለም። ማቀዝቀዣው እሱ የላከው ነው። ቴሌቪዥኑም። የምለብሰው ካፖርትም። እሱ ራሱ ግን... ከሠርጉ ወዲህ በዓይኔ ያየሁት ለአክስታችን ቀብር መጥቶ ነው። ያኔም አላደረም።

የት ልሂድ? ልጅ ሆኜ የት መሄድ ነበር የምመኘው? አላስታውስም። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለማ።

ጥቅምት 10

ለረጅሟ ነገርኳት። ለእሷ መንገር ማለት በድምፅ ማጉያ መናገር ማለት እንደሆነ ረስቼ። ይኸው ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ፈንታ መንገድ ጀምሯል።

ረጅሟ፦ "በረዶ! ዝም ብለሽ በረዶ! ያን ሁሉ ዓመት በእንፋሎት ከተቀቀልን በኋላ ሌላ ምን ያስፈልጋል? እኔ ብሆን በረዶው ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ማንም አያስነሳኝም።"

ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ፦ "እትዬ፣ ትልቁ የኳስ ሜዳ። ግቡ ሥር ቁጭ ብዬ መረቡ ሲወዛወዝ ባየው፣ ከዚያ በኋላ ቢፈልጉ ይቅበሩኝ።"

"አንተ ለራስህ ሂድ እንጂ፤ እኔ ኳስ መቼ አውቃለሁ?" አልኩት። መቀሱን ይዞ ፍዝዝ አለ። ደንበኛው ጆሮውን በእጁ ሸፈነ።

ከላይኛው ፎቅ ያሉትን ጡረተኛ መምህር ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ጋሼ ብዙ አይናገሩም። "ባቡር" አሉኝ። "ወዴት የሚሄድ?" "የትም። ባለቤቴ እያለች የመስኮቱን ቦታ ሁልጊዜ ትነጥቀኝ ነበር። አሁን ቢነጥቀኝ ደስ የሚለኝ ሰው የለም።" ቁልፋቸውን ሲፈልጉ ቆዩ። ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ሁሉም የሚሄድበት አለው። እኔ ትኬቱ አለኝ፣ መሄጃው የለኝም።

ጥቅምት 13

የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄድኩ። ካፖርቴን ለብሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ። ልጅቷ ትሕትናዋ ሌላ ነው። ሥዕል በሥዕል አደረገችኝ። ሰማያዊ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ድልድይ፣ ተራራ... "እዚህ እማማ፣ በጀልባ ወጥተው ዓሣ ነባሪ ያያሉ። ሲዘል! ከዚህ ሕንፃ ይበልጣል።"

"ይሄ ሁሉ ሥጋ ይዘላል?"

"ይዘላል!" ሳቀች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች። "ስንት ሰው ናችሁ?"

"አንድ።"

"ብቻዎን?"

ክፉ አስባ አይደለም። ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ልክ ሆስፒታል የታማሚ ቤተሰብ ሲያናግሩ እንደሚያደርጉት።

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ሥዕሎቹን በከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ።

ጥቅምት 14

ሥዕሎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ዋልኩ። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ነው።

ጥቅምት 17

በሐሳቤ ሄድኩ። ዝም ብዬ፣ ሻይ ይዤ፣ ወንበሬ ላይ። ጀልባው ላይ ወጣሁ። ውኃው ተከፈተ፣ ያ ግዙፍ ፍጥረት ዘለለ... እኔም ዞሬ "እይ! እይ!" አልኩ።

ማንን ነው "እይ" የምለው?

እዚያው ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

አንድ ነገር ግን መጣልኝ። በሐሳቤ ዞር ስል ያየሁት ፊት የወንድሜ ነው። ያውም ትንሽ ሆኖ፣ ጥርሱ ወልቆ። ያደገውን ወንድሜን መሳል አቃተኝ። ሲበላ የት ነው የሚቀመጠው? መጋረጃው ምን ዓይነት ነው? ጠዋት ሲነሳ በመስኮቱ ምን ይታየዋል? የዓሣ ነባሪን ሥዕል አይቻለሁ። የወንድሜን ቤት ግን በሥዕል እንኳ አላየሁም።

መረጥኩ።

ጥቅምት 18

ራሴ ደወልኩ።

"መረጥሽ?"

"መረጥኩ።"

"በይ እሺ፣ የት?"

"እናንተ ቤት።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"እታለም... እሱ እኮ ጉዞ አይባልም" ብሎ ሳቀ። ለብቻው ነው የሳቀው። "እኔ ዓለምን ምረጪ ስልሽ..."

"ዓለምን ምን ላደርገው? ቤትህን ልይ።"

"ቤቱ እድሳት ላይ ነው። አቧራ ነው። ደግሞም እሷ ሥራ በዝቶባታል... ሌላ ጊዜ። እሺ? አሁን ስብሰባ ልገባ ነው።"

ዘጋ።

እጄን አየሁት። በረኪና የበላው፣ የተሰነጣጠቀ። ሠርጉ ቀን ሚስቱ ስትጨብጠኝ በጣቶቿ ጫፍ ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም... አሁን መሰለኝ። ልብስ አጣቢ እህት። እንግዳ ሲመጣ ምን ብሎ ያስተዋውቀኛል?

ማቀዝቀዣ ይልክልኛል። እኔን ግን አይቀበለኝም።

ጥቅምት 19

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ጥቅምት 21

ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ጀልባ ሳይቀር... ሁሉም ተይዟል። "ካልመረጥሽ እኔ መረጥኩልሽ። ደሴት ነው። ትወጂዋለሽ።"

ደሜ ፈላ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። እኔን ከቤቱ ለማራቅ ባሕር ማዶ! ረጅሟ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ ስታዝንም በጩኸት ነው።

"እና ምን ትጠብቂያለሽ? ሄደሽ በሩን አንኳኪ!"

"ሳልጠራ?"

"አፍንጫውን ስትጠርጊለት ጠርቶሽ ነበር? ሂጂ! ቢበዛ በር ይዘጋብሻል። እሱን እኮ አሁንም ዘግቶብሻል።"

እውነቷን ነው። አድራሻው በላከልኝ ዕቃ ካርቶን ላይ አለ።

ጥቅምት 24

አውቶቡሱ ለምሳ ቆሞ ነው የምጽፈው። ጉልበቴ ላይ ነው፣ ፊደሉ እየተዛነፈ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሕፃን ታቅፋለች። "ወዴት ነው?" አለችኝ። "ወንድሜ ጋ።" "እሰይ፣ ይጠብቅዎታላ!" አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

 ሚስቱ በሩን ብትከፍትስ? ከየት ልጀምር? ... ተሳፈሩ እያሉ ነው።

ጥቅምት 25

ትናንት ማታ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ሕንፃው ረጅም ነው፣ ፊቱ መስታወት። ዘበኛው ሻንጣዬን ተቀበለኝ። "ማን ጋ ነው እናቴ?" መሐንዲሱ ጋ። "ምናቸው ነዎት?" እህት። ቀና ብሎ አየኝ። "እህት አላቸው እንዴ? ከሰው ጋር አይቻቸው ስለማላውቅ ነው... ይቅርታ።"

ከሰው ጋር አይቷቸው አያውቅም? ሚስቱስ? ሰው አይደለችም? ጥያቄውን እንደያዝኩ ደረጃውን ወጣሁ።

አንኳኳሁ። ቆየ። ከፈተ።

ወንድሜ ነው፣ ግን ግማሹ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ይዋኛል። ፂሙ አድጓል፣ ያውም ሸብቷል። እኔን ሲያይ በሩን ሊዘጋው ነበር። እጁ ጀምሮት ነበር፣ አየሁት። ከዚያ እጁ ወደቀ።

"እታለም" አለ። 

አልፌው ገባሁ። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ባዶ። እድሳት የለም፣ አቧራ ብቻ። ሶፋ በነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ምልክቱ ቀርቷል። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ወንበር፣ ካርቶኖች። መጋረጃ የለም፤ መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል።

"እሷስ?"

"ሄደች።"

"መቼ?"

"አክስታችን ሳትሞት በፊት።"

ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ላይ። እሱ ቆመ። ያኔ ቀብር መጥቶ ሳያድር የሄደው... ለካስ ስለ እሷ እንዳልጠይቀው ነው። ከዚያ ወዲህ በየስልኩ "ሰላም ትልሻለች" ይለኛል። እኔም ሰላም በልልኝ እላለሁ። ማንን? ይሄን ግድግዳ?

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ?" አለኝ። "በቀብሩ ዕለት ለልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ስታወሪ ሰምቻለሁ። 'ወንድሜ ቤት አለው፣ ትዳር አለው።' ያላንቺ እዚህ አልደርስም ነበር። ያ ሁሉ ድካምሽ እዚህ ባዶ ክፍል ውስጥ መቅረቱን እንዴት ልንገርሽ? ሌላውን ሁሉ ላሳይሽ ፈለግኩ። ይሄን ብቻ እንዳታዪ።"

"አፈረብኝ ብዬ ነበር የመጣሁት" አልኩት።

"ባንቺ?" አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጣለ። ይሄን ያህል የሚከብድ ጭንቅላት አልመሰለኝም ነበር። አለቀሰ። ዝም በል አላልኩትም።

እኔስ? "ምን ጎደለሽ?" ሲለኝ "ምንም" የምለው እኔ አይደለሁ? አንድ ቤት ነዋ ያደግነው።

ጥቅምት 28

ሥራ ሄዷል። ጋዜጣውን ከመስኮቱ ቀደድኩት። ለካስ ወንዝ ይታያል! እሱ የሠራው ድልድይም። ድልድዩን በጋዜጣ ሸፍኖ ሲኖር...

መጥረጊያ ገዛሁ፣ ድስት ገዛሁ፣ ካርቶኖቹን ፈታሁ።

ጥቅምት 29

ተጣላን። ካርቶን ውስጥ የእሷን ሻርፕ አግኝቼ አጠብኩት። ተኩሼም አስቀመጥኩለት፣ ደስ ይለዋል ብዬ።

"ማን አጥቢ አለሽ? ሽታዋ ነበረበት!" ጮኸብኝ። ቀጥሎም፦ "ልጅ አይደለሁም! ሁሉን ነገር አትንኪብኝ!"

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሻንጣዬን ይዤ ልሄድ አሰብኩ። ወደዚያ ባዶ ቤቴ? ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ጩኸት ነው የመጣሁት?

ቆይቶ ወጣ። አጠገቤ ተቀመጠ። ዘበኛው ከታች ቀና ብሎ አይቶን፣ እንዳላየ ሆነ።

"ሾርባው አረረ" አለኝ።

"አላጠፋኸውም?"

"የትኛው ማጥፊያ እንደሆነ አላወቅኩም።"

"ድልድይ ትሠራለህ አይደል?"

ሳቀ። ይሄኛው ሳቅ የድሮው ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ "ሻርፑ... ደግ አደረግሽ። መቼም አላጥበውም ነበር።"

ያረረውን በላን።

ኅዳር 4

ስለ ደሴቱ ጠየቀኝ። "ቀኑ ደርሷል። ትሄጃለሽ?" እውነቱን ነገርኩት፦ አሁን አልፈልግም። አልተከፋም። "ደሴት ነው፣ የትም አይሄድም" አለና ስልኩ ላይ ሰረዘው።

ረጅሟ ደወለች። "በረዶ አለ እዚያ?" ወንዝ ነው ያለው። "እሱንም ቢሆን ያዢው!" ሰፈሩ ናፈቀኝ። ጋሼ ደህና ናቸው አለችኝ። መስኮቴን ቀና ብለው እያዩ ያልፋሉ አሉ... እኔን? እውነት ይሆን?

ወንድሜ አሁንም አንዳንድ ምሽት ዝም ይላል። ዝምታው ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። አልከተለውም። በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ሲወጣ እንዲያገኘኝ።

ኅዳር 9

ዛሬ ትልቅ ነገር አልሆነም።

ጠዋት የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ካፖርቴን ለበስኩ። እሱ መታጠቢያ ቤት ነው፣ ፊቱ ሳሙና። ጫማዬን አጥልቄ በሩን ስከፍት ከውስጥ ጮኸ፦

"እታለም! ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?"

እጄ እጀታው ላይ ቀረ።  ስወጣ ስገባ ማን ይሄን ጠይቆኝ ያውቃል? እናቴ ከሞተች ወዲህ... ማንም።

"ሰማሽኝ?"

"ሰምቻለሁ!" አልኩ። "ለምሳ እደርሳለሁ።"

"አትቆዪ እሺ!"

ደረጃውን ወረድኩ። ጨርቁን ቶሎ ገዛሁ፤ ቀለሙን እንኳ በደንብ አልመረጥኩም።