የውሰት ልጆች ክፍል

ውድ ቁንጫ፣

በዚህ ስም የሚጠራሽ ሰው የቀረ አይመስለኝም። አሁን ባለሽበት ትልቅ ቢሮ በማዕረግ እንደሚጠሩሽ ከደብዳቤሽ አይቻለሁ። እኔ የማውቀው ግን አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ያቃታትን ልጅ ነው። የምቆጣውም እሷን ነው።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰን። የማዘጋጃ ቤታችን መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የብረት ቁም ሣጥን፣ ዝናብ ሲመጣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የምናስቀምጠው ባልዲ። ዛሬም ውሃ ሲቋረጥ ማስታወቂያውን በአራት ቋንቋ እንለጥፋለን፤ ዛሬም በአራቱም እንሰደባለን። ፖስታውን ቀደድኩ፣ የ«ገቢ» ማኅተም መታሁበት፣ ከዚያ አነበብኩት፤ እንዲህ ይላል፦ በወንዝ ማዶ ሰዎች ቋንቋ በሚያስተምረው ክፍል ካሉት አሥራ አራት ልጆች የቋንቋው ተወላጆች አምስት ብቻ ናቸው፤ ዘጠኙ ቁጥር ለማሟላት በሐሰት የተመዘገቡ ስለሆኑ ክፍሉ ከመጪው ወር ጀምሮ ይዘጋ። ከሥሩ ፊርማሽ አለ። ጅራቱ ሽቅብ የሚጠመዘዘው፣ በደብተሬ ጀርባ ስትለማመጂው የኖርሽው ፊርማ።

«በሐሰት»! እጅሽ እንዴት እሺ አለሽ?

ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ያኔ ቋንቋውን የሚናገሩ ለትምህርት የደረሱ ልጆች አራት ብቻ ነበራችሁ። ክፍል የሚከፈተው ደግሞ ለአሥር ልጅ ነው። የያኔው ሹም ጣቱን እያጠፈ ቆጠረና «አራት ልጅ ቤተሰብ ነው እንጂ ክፍል አይደለም» ብሎ እናትሽን መለሳቸው። እናትሽ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ትተው በየቤቱ ዞሩ። እኛ ጋ ሲመጡ መርፌዎቹ አንገትጌያቸው ላይ እንደተሰኩ ነበሩ። አባቴ በር እየበየደ ነበር።

«ልጅህን አውሰኝ» አሉት።

«መጀመሪያ አምና የወሰድሽውን መዶሻ መልሺ።»

«ሁለቱንም አንድ ላይ እመልስልሃለሁ።»

«እሺ፣ ውሰጃት። ሳትሰበር ግን!»

እንዲህ ሆነን ስድስታችን በውሰት ሄድን። የወፍጮ ቤቱ መንትዮች፣ የሾፌሩ ልጅ፣ ከሌላው ቤት ደግሞ እንደ ጠበል ጠዲቅ አንድ አንድ። እኔ ቤቴ ውስጥ ከአባቴ ጋር በአንዱ፣ ከእናቴ ጋር በሌላው ቋንቋ ነበር የማወራው፤ የናንተ ሦስተኛ መጣብኝ። የመጀመሪያውን ወር አንድም ነገር አልገባኝም። ተነስቼ የምመልስበት ተራ ሲደርስ በጠረጴዛው ሥር ትቆነጥጪኝ ነበር፤ ያ ብቻ ነው የገባኝ። እናትሽ «ውሰቴ» ይሉኝ ጀመር፣ ስሜ ሆኖ ቀረ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን በቋንቋሽ ተጣላሁሽ፣ በቋንቋሽ ታረቅኩሽ። የመጀመሪያ የምስክር ወረቀትሽን ያገኘሽው ከዚያ ክፍል ነው። እኛ ባንቀመጥ አንቺ የት ትቀመጪ ነበር?

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰው ልጁን ያውሳል። ማንም አስገድዶን አያውቅም። በዝርዝርሽ ካሉት ዘጠኝ «ሐሰተኞች» ስድስተኛዋ የኔ ልጅ ናት። መዶሻውም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ለእንጀራሽ ፈርተሽ ይሆናል። ለድንበር ቅርብ ስለሆንን ማን የማን እንደሆነ ለይታችሁ አምጡ ይሏችኋል፣ ይገባኛል። ግን ቢያንስ «እኔ እዚያ ነው ያደግኩት፣ ሌላ ሰው ይፈርም» ማለት አቃተሽ? የአሁኑ ሹማችን፣ ያው ዳቦ ጋጋሪው፣ ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «ከበላይ የመጣ ነው» ብሎ ራሱን አከከ። በእሱ አልፈርድም፤ ካንቺ ጋር አልተማረም።

ትናንት ጠዋት እናትሽ ግድግዳ እየዳበሱ መዝገብ ቤት ገቡ። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ወሬውን ሰምተዋል።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ ውሰቴ» አሉ።

ወደ ቋንቋችሁ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ማነው የፈረመው?»

«አይነበብም፣ እማማ።»

በዚህ መዝገብ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ስሠራ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። እናትሽ ወረቀቱን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አልተቆጡም። «ምስኪን» አሉ፣ «ጎረቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው የጻፈው።» ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና ወጡ። እኔ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከንዴት ብዛት።

ይህን በእናትሽ ቋንቋ ነው የጻፍኩልሽ። ስህተት ካገኘሽ እንደ ልጅነታችን አርሚኝ። ነገ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ይደርስሻል። ደብዳቤሽን የሚሽር አንድ ገጽ ወረቀት ነው የምጠይቅሽ፤ እንደመጣ ማኅተም መትቼበት፣ ሮጬ ሄጄ አነብላቸዋለሁ።

ወሩ እስኪያልቅ ፊርማሽ የማይነበብ ሆኖ ይቆያል። ካልመጣ ግን እናትሽ ቤት እሄድና ያንን ደብዳቤ እንደገና አነብላቸዋለሁ፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር። ማንበብ የት እንደተማርኩ ታውቂያለሽ።

እስከ ዛሬ ያልተመለሰችው
ውሰት