በሾላው በኩል

እሑድ፣ ኅዳር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ከቅዳሴ መልስ፣ ዘንድሮ ከአዴት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣው መምህር ይበልጣል «እስኪ ወንዙን አሳየኝ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። አባቴ ካረፈ አርባ ቀን አልፎታል፤ ከቤት ሊያወጣኝ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ አልሁ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል።

የላህ ወንዝ ዳር መንገድ ዳገት የለውም። ዋንዛውና ዶቅማው ከላይ ገጥሞ ጥላ ነው። ስለ ፈተና ወረቀት እያወራን እስከ ጣሊያን ምሽግ ድረስ ሄድን። ምሽጉ አሁን ሣር የሸፈነው፣ ከጉልበት የማያልፍ ጉድጓድ ነው። የአያቴ ወንድም እዚያ ወድቆ አጽሙ ሳይወጣ ቀርቷል። አባቴ ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን አልረገጠውም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኑ በቆመው ሾላ በኩል ይዞር ነበር። እኔንም እንዲሁ አስለምዶኛል።

ዛሬ እያወራሁ መሐሉን ረግጬ ተሻገርሁ። ያወቅሁት በሬያቸውን የሚያስግጡት ጎረቤታችን አያ ዋሴ ሲጣሩ ነው።

«ልጄ፣ አባትህ እኮ ባርኔጣውን አውልቆ በሾላው ነበር የሚያልፈው።»

«አዎ፣ አያ ዋሴ፤ ረስቼ ነው።»

«የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ?»

ልቤ እስኪደነግጥ ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። በሬው ሣሩን ይግጣል፤ ውሃው ይወርዳል።

ስንመለስ ይበልጣል ባርኔጣውን አወለቀና በሾላው በኩል ዞረ። እኔም ዱካውን ተከትዬ ዞርሁ፤ አገሩ የእሱ፣ እንግዳው እኔ ይመስል።